ማጥፊያው ጠፋ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም፦ የጣሪያ መብራትና የቬንትሌተር መስመር በጅማ ቤቶች

ቆጪ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ጠርተውኝ ነበር። «ልጄ፣ ይቺ አምፖል ካጠፋኋትም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጭል ጭል ትላለች። ጸሎት ላይ ሆኜ ቀና ስል ታስደነግጠኛለች» አሉኝ። ማጥፊያውን ተጫንኩት፤ መስኮቱን ዘግተን ቤቱን አጨለምነው። እውነታቸውን ነው፣ ኤልኢዲ አምፖሏ ውስጥ እንደ ከሰል ፍም የደከመ ብርሃን ቀርቷል። አምፖሏን ፈትቼ ቴስተሬን፣ ኮረንቲ ሲያገኝ የሚበራውን መፈተሻ፣ ማስገቢያው ውስጥ ሳስጠጋው ቦግ አለ። ማጥፊያው ጠፍቷል፤ ጣሪያው ላይ ግን ሙሉ 220 ቮልት አለ።

ቤቱን የዘረጋው ሰው ማጥፊያውን ያስገባው ኮረንቲውን በሚያመጣው ሽቦ፣ በፌዙ ላይ ሳይሆን በመመለሻው፣ በኒውትራሉ ላይ ነበር። ለማብራትና ለማጥፋት ስለሚሠራ ለዓመታት ማንም አላስተዋለም። ቡና ላይ ስንጨዋወት የልጅ ልጃቸው ከጥቂት ሳምንት በፊት «አጥፍቼዋለሁ እኮ» ብሎ በርጩማ ላይ ቆሞ የዚያኑ ማስገቢያ ብሎን ሲያጠብቅ እንደነበር ነገሩኝ። ደረቅ እንጨት ላይ ስለቆመና ጣቱ የተላጠውን ሽቦ ስላልነካ ተረፈ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደሱ እጃቸው ሥራ ለማይፈራ ሰዎች ነው። ሁሉንም ራሳችሁ ሥሩ ማለቴ አይደለም፤ የቱን መሥራት እንደምትችሉ፣ የቱ ጋ ማቆም እንዳለባችሁ ለይታችሁ እንድታውቁ ነው።

ጣሪያው ድረስ የሚመጡት ሽቦዎች

ከቆጣሪው የወጣው መስመር ወደ ብሬከር ሳጥን ይገባል፤ ብሬከር ኮረንቲ ሲበዛ በራሱ ወርዶ መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ ነው። ከዚያ ለመብራት የተለየው መስመር በኮርኒስ ላይ እየተዘረጋ ከክፍል ክፍል ይሄዳል። ሦስት ሽቦ ነው መኖር ያለበት። ፌዙ ኮረንቲውን ይዞ የሚመጣው ነው። ኒውትራሉ መመለሻው ነው። ኧርዙ ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ምንም አይሠራም፤ ፌዙ ተልጦ የብረት አካል ከነካ ግን ኮረንቲውን ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩን የሚያስጥለው እሱ ነው። ጅማ ውስጥ በድሮ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የማላገኘው ይኸው ሦስተኛው ነው።

ፌዙ በቀጥታ ወደ አምፖሉ አይሄድም። መጀመሪያ በግድግዳው ወርዶ ማጥፊያው ውስጥ ይገባል። ስታበሩት በሌላ ሽቦ ተመልሶ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ይህን ሽቦ «ተመላሽ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ኒውትራሉ ደግሞ ማጥፊያውን ሳይነካ በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስታጠፉ አምፖሉ ጋ የሚደርስ ፌዝ አይኖርም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። የመብራቱን ክዳን ስትፈቱ ሁለት ሽቦ ትጠብቃላችሁ፤ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ታገኛላችሁ። የዘረጋው ሰው ማገናኛውን ያደረገው እዚያው መብራቱ ላይ ከሆነ ገቢው ፌዝ፣ ወደ ማጥፊያው የሚወርደው ፌዝ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፈው ፌዝ፣ ተመላሹ፣ ገቢውና ወጪው ኒውትራል ሁሉም አንድ ክዳን ውስጥ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ቤቱ በትክክል ተዘርግቶ እንኳን ማጥፊያውን ብቻ ብታጠፉ ከራሳችሁ በላይ ያለው ክዳን ውስጥ ቋሚ ፌዝ ይኖራል። ማጥፊያ አምፖሉን ያጠፋል እንጂ ሽቦውን አይገድልም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ደግሞ ይኸው ነው፦ ሰውየው ሽቦዎቹን ሁሉ ይፈታና ሲመልስ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ይጠመጥማል። ከጥቁሮቹ አንዱ ግን ተመላሹ ነበር። ማጥፊያውን ሲያበራ ፌዝና ኒውትራል ፊት ለፊት ይገናኙና «ጧ!» ብሎ ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ ካልሠራ ደግሞ ሽቦው ይቀልጣል። ስለዚህ አንዲት ብሎን ሳትፈቱ በፊት በስልካችሁ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በቁራጭ ፕላስተር ጠቅልላችሁ «1»፣ «2»፣ «3» ብላችሁ ጻፉበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀለሙን ለምን እንደማላምነው

በድሮው አሠራር ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነው። በአዲሱ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል ነው። አረንጓዴና ቢጫ ዥንጉርጉሩ ኧርዝ ነው። ይህን እወቁት፤ ግን ሕይወታችሁን አታስይዙበት። ሠሪው የተረፈውን ሽቦ ነው የሚጠቀመው፤ ቀይ ካለቀ በጥቁር ይቀጥላል። በድሮው አሠራር የተዘረጋ ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው ራሱ አንዱ ፌዝ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴውን ለተመላሽ የተጠቀመ ሰው ሥራም በዓይኔ አይቻለሁ። ቀለም ፍንጭ ነው፤ ማረጋገጫው ልኬት ነው።

መስመሩን መግደል

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፦ የኒዮን ቴስተር፣ ከተቻለ መልቲሜትር (ቮልት የሚለካ መሣሪያ)፣ እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ባለ ብሎን ማያያዣ፣ የማይነቃነቅ የእንጨት መሰላል፣ ደረቅ የጎማ ሶል ያለው ጫማ። የብረት መሰላል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የጅማ በርጩማ ለመቀመጫ እንጂ ለመቆሚያ አልተሠራም፤ ኮረንቲ ባይጥላችሁ እንኳን ድንጋጤው ይጥላችኋል። ከኮረንቲ ተርፈው በመውደቅ የተጎዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

1. ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ንገሩ። ብሬከር ሳጥኑ ላይ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትንኩ» ብላችሁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፋችሁ ለጥፉ። ከእናንተ ጀርባ ብሬከሩን የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ ቴሌቪዥን የጠፋበት ልጅ ነው።

2. የምትሠሩበትን መብራት አብሩት። ከዚያ የመብራት መስመሩን ብሬከር አውርዱ። አምፖሉ ከጠፋ ትክክለኛውን ብሬከር ሳታገኙ አልቀረም። የቤቱ ሽቦ የተዘበራረቀ ከመሰላችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱና በእጅ ባትሪ ሥሩ።

3. ቴስተሩ ራሱ እንደሚሠራ አረጋግጡ። ኮረንቲ እንዳለው የምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ ዋናውን ያወረዳችሁ ከሆነ ከማውረዳችሁ በፊት ሞክሩት። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈትሹ፣ አንድም ሳይቀር። ሲጨርሱ ቴስተሩን ኮረንቲ ባለው ቦታ መልሳችሁ ሞክሩት፤ የጎረቤት ሶኬትም ቢሆን። ቴስተሩ መሃል ላይ ሞቶ ከሆነ የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው።

4. መልቲሜትር ካላችሁ የተለዋዋጭ ኮረንቲን ቮልት በሚለካው ከፍተኛ ክልል ላይ አድርጋችሁ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ ለኩ። ሁሉም ዜሮ መሆን አለበት።

ሦስተኛውን ደረጃ የሚዘል ሰው አምፖሉ መጥፋቱን እንደ ማረጋገጫ ይቆጥራል። አይደለም። ብዙ ቤት ያለው ብሬከር አንድ ሽቦ ብቻ ነው የሚቆርጠው። ወደ ቤት ሲገባ ፌዝና ኒውትራል ተገለባብጠው ከተገናኙ፣ ለምሳሌ ምሰሶ ወይም ቆጣሪ ተቀይሮ መስመሩ ሲመለስ ከተቀያየሩ፣ ብሬከሩ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል። አምፖሉ ይጠፋል፣ የቤቱ ሽቦ በሙሉ ግን ሕያው ነው። ይህን የሚይዘው ቴስተር ብቻ ነው።

ግቢ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ቆጣሪ ለአምስትና ለስድስት ክፍል ሲከፋፈል የእናንተ ኮርኒስ ላይ የጎረቤት መስመር ሊያልፍ ይችላል። የእናንተን ብሬከር አውርዳችሁም የሱ ይቀራል። አከራዩን ጠይቁ፣ አብራችሁ እዩ።

መብራት በሄደበት ሰዓት «አሁን ኮረንቲ የለም» ብሎ መሥራት ደግሞ ልማድ ሆኖብናል። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መርካቶ አጠገብ ባለ አንድ ቤት አድርጌዋለሁ። ብሬከሩን ሳላወርድ መሰላል ላይ ወጥቼ ሁለቱን ሽቦዎች ላጥኳቸው። ፒንሳ ለማቀበል ልጁ ሲጠራኝ እጄን አነሳሁ፤ ያን ጊዜ የሳሎኑ ሬዲዮ ጮኸ። መብራት መጥቷል። የተላጡት ሽቦዎች ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ብሬከሩን ሳላወርድ መሰላል ላይ አልወጣም። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ደግሞ ጭራሽ አልጀምርም። የእኛ ከተማ ክረምት ረጅም ነው፣ መብረቁም አይጠፋም፤ ሩቅ የወደቀ መብረቅ በመስመሩ ላይ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል።

ቴስተሩ የሚነግራችሁን ማንበብ

የኒዮን ቴስተር የሚበራው በእናንተ ሰውነት በኩል እጅግ ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ ያለችውን ብረት በጣታችሁ ካልነካችሁ አይበራም። ቀን ላይ ፀሐይ ባለበት ብርሃኑ ላይታይ ይችላል፤ በእጃችሁ ጋርዱት። ሳይነካ ድምፅ የሚያሰማው ዓይነት ቴስተር ለፍለጋ ጥሩ ነው፤ ሽቦው ሞቷል ብሎ ለመወሰን ግን አልጠቀምበትም።

አንድ ጊዜ አምፖሉ አይበራም፣ ቴስተሩ ግን ሁለቱም ነጥብ ላይ ይበራል። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ የኒውትራል መቆረጥ ነው። ፌዙ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ሌላው ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ መመለሻ ስለሌለው እዚያው ይቆማል። ኒውትራል ነው ብላችሁ የምትነኩት ሽቦ ያን ጊዜ ፌዝ ሆኗል። አምፖሉን ከፈታችሁት በኋላ አንዱ ብቻ የሚበራ ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ የተፈታውን ወይም የተበጠሰውን ኒውትራል በማገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ፈልጉ።

የቆጪዋን አምፖል ዓይነት ካያችሁ ወዲያው አትፍረዱ። ማጥፊያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለችው በሷ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኮረንቲ ኤልኢዲን ጭል ጭል ልታደርግ ትችላለች። ሽቦዎቹ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ከሄዱም እንዲሁ። ለመለየት አምፖሉን ፍቱ፣ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ብሬከሩ በርቶ ሳለ እጃችሁን ሳታስገቡ በመልቲሜትር ማስገቢያው ላይ ያሉትን ነጥቦች ከኧርዝ ጋር ለኩ። ማጥፊያው ጠቋሚ መብራት የሌለው ሆኖ አንዱ 220 አካባቢ ከሰጣችሁ የተቆረጠው ኒውትራሉ ነው። ኮረንቲ እያለ መለካት ያልለመደ ሰው ግን ይህን ለባለሙያ ይተው። እትዬ ቤት ስህተቱ ማገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ፣ አምፖሏም ጠፍታ አደረች።

የመብራት ማስገቢያ መቀየር

መስመሩን ከገደላችሁና ካረጋገጣችሁ ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ሽቦው ጫፉ ከጠቆረ ወይም ፕላስቲኩ ከተሰባበረ እስከ ጤነኛው ቦታ ድረስ ቁረጡት። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ላጡ፤ ከብሎኑ ውጭ የሚታይ እርቃን ሽቦ መኖር የለበትም። በጥርስ አትላጡ፤ በፒንሳም ስትልጡ ከውስጥ ያለውን መዳብ አትቁረጡት፤ የተቆረጠው ቦታ ቀጥኖ ይግላል።

የሚጠመዘዝ አምፖል ማስገቢያ ከሆነ ተመላሹ የሚታሰረው ከታች መሃል ላይ ካለው ነጥብ ጋር ነው፤ ኒውትራሉ ከተጠማዛዡ ብረት ጋር። ይህ ከተገለበጠ አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ የሚነካው ጥርሱ ብረት ፌዝ ይሆናል። በሚሰካው ዓይነት ግን ልዩነት የለውም። መብራቱ የብረት አካል ካለው ኧርዙን እሱ ላይ እሰሩ፤ ኧርዝ ከሌለ ሙሉ በሙሉ የፕላስቲክ የሆነ መብራት ግዙ። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በቀስታ ጎትቱት። ከወጣ አልታሰረም ማለት ነው።

ሽቦ ከሽቦ ስታገናኙ ጠምጥሞ ናስትሮ ማልበስ አይበቃም። ናስትሮ ሙቀት ሲነካው ማጣበቂያው ይለቃል። በባለ ብሎን ማያያዣ እሰሩና ክዳን ያለው የማገናኛ ሳጥን ውስጥ አስገቡት።

ለመብራት መስመር 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ከዚህ መስመር ሶኬት አትቀጥሉ፤ ምጣድማ በፍጹም። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድን ለ220 ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ያ ሁሉ በቀጭኑ የመብራት ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው የሚግለው ኮርኒስ ላይ፣ ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር 10ሩን አውጥቶ 32 ማስገባት ደግሞ ሽቦውን ፊውዝ እንደማድረግ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ቬንትሌተር

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናቡ እስኪጠነክር የቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም፤ ቬንትሌተር የሚሰቅሉ ቤቶችም እየበዙ ነው። በኮረንቲ በኩል ቬንትሌተር ቀላል ጭነት ነው። 75 ዋት ቢወስድ ከግማሽ አምፔር በታች ነው፤ የመብራት መስመሩ አይከብደውም። ከባዱ ነገር ክብደቱና መንቀጥቀጡ ነው።

የተለመደው 120 ሳንቲሜትር ቬንትሌተር ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ ይመዝናል፣ ያውም እየተሽከረከረ። ቺፑድ ኮርኒስ ይህን አይችልም፤ የኮርኒሱን ቺፑድ የያዘው ቀጭን ሞራሌም እንዲሁ። ጣሪያው ሶሌታ (ኮንክሪት) ከሆነ ሲሞላ ከብረቱ ጋር የታሰረ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር የፌሮ መንጠቆ ነው ትክክለኛው። ያለቀ ሶሌታ ከሆነ በውስጥ የሚሰፋ የብረት ብሎን ይገባል፤ የፕላስቲክ ፊሸር አይሆንም። የጭቃ ቤት ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ በሁለት ወራጆች መካከል ወፍራም ጣውላ አግድማችሁ ከሁለቱም ጋር በብሎን እሰሩትና መንጠቆውን ከሱ አውርዱ። ሚስማር መንቀጥቀጡን ለምዶ ቀስ በቀስ ይወጣል። ዘንጉ ላይ ባለው ብሎን ጫፍ የምትገባ ሁለት እግር ያላት ቁራጭ ሽቦ ከካርቶኑ ውስጥ አለች፤ ትንሽ ስለሆነች ሰው ይጥላታል። ብሎኑ ተፈትቶ ቬንትሌተሩ እንዳይወርድ የምትይዘው እሷ ናት። አስገቡና እግሯን ክፈቱት።

ክንፉ ከወለሉ ቢያንስ 2.3 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ኮርኒሳችሁ 2.5 ሜትር ከሆነ ዘንጉ ሲወርድ ክንፉ ሁለት ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ይሆናል፤ ልብስ ሲያወልቅ እጁን የሚያነሳ ሰው ይመታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የቆመ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቬንትሌተር ግዙ። ተደራራቢ አልጋ ባለበት ክፍልም የጣሪያውን አልመክርም።

ሽቦው ቀጥተኛ ነው። ፌዙ ከማጥፊያው ወደ ፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ከመቆጣጠሪያው በተመላሹ ወደ ቬንትሌተሩ ይሄዳል። ኒውትራሉ በቀጥታ፣ ኧርዙ ደግሞ ከቬንትሌተሩ አካልና ከዘንጉ ጋር። የመብራት ማደብዘዣ ለቬንትሌተር አትጠቀሙ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይግላል።

ከነመብራቱ የሆነውን ቬንትሌተር ለየብቻ ማብራት ከፈለጋችሁ ከግድግዳው ሁለት ተመላሽ ሽቦ መውጣት አለበት፤ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለመብራቱ። ኒውትራሉ የጋራ ነው። አንድ ተመላሽ ብቻ ካለ ሁለቱ አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ያኔ «ኧርዙን ለሁለተኛ ተመላሽ ልጠቀምበት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። የሚያድናችሁን ሽቦ ገዳይ ማድረግ ነውና ተዉት።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቬንትሌተር ካለ ሳትሰቅሉት በፊት ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ አንብቡ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ካለ ለእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ አይሆንም፤ ጠመዝማዛው ይቃጠላል። ቀለሙም ሌላ ነው፦ ነጩ ኒውትራል፣ ጥቁሩ የሞተሩ ፌዝ፣ ሰማያዊው ደግሞ የመብራቱ ፌዝ ነው። በእኛ ልማድ ሰማያዊውን ኒውትራል ብሎ ያሰረ ሰው መብራቱ ወይም ሞተሩ በትክክል አይሠራለትም።

ቬንትሌተሩ «ሁም» እያለ ካልዞረ፣ በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ግን ከዞረ፣ ብዙውን ጊዜ የሞተው ካፓሲተሩ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ፤ ብዙዎቹ 2 ወይም 2.5 ማይክሮ ፋራድ ናቸው። ያንኑ ቁጥርና ቢያንስ ያንኑ ቮልት ግዙ። ብሬከሩ ወርዶም ካፓሲተር ጥቂት ኮረንቲ ሊያቆይ ይችላል፤ ደቂቃዎች ጠብቁና እግሮቹን በባዶ እጅ አትንኩ። የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ኮርኒሱ ያለውን በሜትር ለኩ። አንዱ የተለየ ከሆነ ክንፉ ታጥፏል ወይም ብሎኑ ላልቷል። ክንፎቹ በክብደት ተመጣጥነው አንድ ላይ የሚሸጡ ስለሆኑ ከሌላ ቬንትሌተር አምጥታችሁ አትቀላቅሉ።

ኮርኒሱ ላይ ያለውን ዓለም እዩት

አቡጀዴም ሆነ ቺፑድ፣ ኮርኒሳችሁ ላይ አይጥ አለ። አይጥ የሽቦውን ፕላስቲክ ታኝካለች። ጅማ ደግሞ እርጥበት የማይለያት ከተማ ናት፤ ቆርቆሮው በሚስማሩ ቀዳዳ ጠብ ሲያደርግ ጠብታው የሚያርፈው በታኘከው ሽቦ ላይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ባትሪ ይዛችሁ ውጡና እዩ። የጠቆረ ናስትሮ፣ የተላጠ ሽቦ፣ በቱቦ ውስጥ ሳይገባ በወራጁ ላይ የተጋደመ ሽቦ፣ የውሃ ምልክት ፈልጉ። ሽቦ በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ቱቦ አልብሱት።

የቤቱ ቆርቆሮ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ ወይም የቧንቧው ብረት ሲነኩት ትንሽ እንኳን ከነዘረ ነገ አትበሉ። ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ልጆቹን ከዚያ አርቁ፣ ባለሙያ ጥሩ። በደረቅ ቀን የነዘረ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመጣ ይገድላል።

ብሬከር ሰው አያድንም

ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ ይተማመናል። ብሬከር ለሽቦ ነው የተሠራው። የልብን ምት ለማዛባት 30 ሚሊ አምፔር አካባቢ እንኳን ሊበቃ ይችላል፤ 10 አምፔር ብሬከር የሚወርደው ግን ከ10,000 ሚሊ አምፔር በላይ ሲያልፍ ነው። በመካከላቸው ከ300 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ሰውን የሚያድነው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ነው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል። ቢሆንም ቀለም ከመቀባታችሁ፣ ጌጠኛ መብራት ከመስቀላችሁ በፊት እሱን አስገቡ እላለሁ። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ተጫኑት፣ ካልወረደ ተበላሽቷል።

ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር አትንኩ፤ ማኅተሙንም አትቁረጡ። እዚያ ላይ የምታወርዱት ብሬከር የላችሁም። ችግር ካለ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ። ብሬከር ሳጥን ውስጥ መግባት፣ አዲስ መስመር መዘርጋት፣ ሦስት ፌዝ፣ ኧርዝ መቅበር፣ ብሬከር ወርዶም ቴስተር የሚያበራ ሽቦ፤ እነዚህ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተዉ ናቸው።

ሥራውን ስትጨርሱ ክዳኖቹን ሁሉ መልሱ፣ መሳሪያችሁን ከመሰላሉ አውርዱ፣ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ከዚያ ብሬከሩን አንሱ። ወዲያው ከወረደ ደግማችሁ አታንሱት፤ ተመላሹን ከኒውትራል ጋር አስራችሁ እንደሆነ ፎቶውን እዩ። ከበራ ቬንትሌተሩን ግማሽ ሰዓት አሽከርክሩት። ከዚያ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ እንደገና ፈትሻችሁ፣ ማያያዣውን ዳስሱ። የሞቀ ማያያዣ ያልጠበቀ ማያያዣ ነው።

ኮረንቲ ሰው ከያዘ

አትንኩት። የያዘው ሰው እናት ብትሆኑም አትንኩት፤ ሁለታችሁንም ይይዛችኋል። ሮጣችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ከሽቦው አላቅቁት። ከተላቀቀ በኋላ ጥሩት፣ ትንፋሹን እዩ። መልስ ካልሰጠና ካልተነፈሰ ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲሜትር እስኪወርድ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ሌላው ሰው መኪና ወይም አምቡላንስ ይጥራ፤ እናንተ አታቁሙ። ወተት አታጠጡት፣ አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ ሁለቱም የሚያባክኑት ጊዜ ነው።

ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቆዳው ላይ የምትታየው ቁስል የእህል ፍሬ ብታህልም ኮረንቲው ያለፈው በውስጥ ነው፤ የልቡ ምት ከሰዓታት በኋላ ሊዛባ ይችላል። ለሐኪሙ በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ መውደቁንና ራሱን መሳቱን ንገሩት።